የክርስትና ስማቸውን ሲፈልጉ የኖሩት የወይዘሮ ማንጠግቦሽ አካለ ወልድ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው አድማሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሥራነሽ ደምሴ በ1949 ዓ.ም. ከጉንደ ወይን ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። የማንም ሰው የሕይወት ታሪክ የሚጀምርበትን ይህን አንድ መስመር እሳቸው ያገኙት ግን ባለፈው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ የወለዷቸውንም፣ የተወለዱበትንም ቀዬ፣ ክርስትና ሲነሱ የወጣላቸውንም ስም ሳያውቁ ኖረዋል።

አሳዳጊዎቻቸው አቶ አካለ ወልድ ተሰማ እና ወይዘሮ ያለምዘውድ በቁይ አካባቢ በግብርና ይተዳደሩ ነበር። ልጅ ባለማግኘታቸው በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. በደብረ ወርቅ አቅራቢያ ወደሚገኝ ጠበል ሄዱ። በዚያ ዓመት ወባ ብዙ ሰው ስለፈጀ ጠበሉ በበሽተኛ ተጨናንቆ ነበር። ከበሽተኞቹ አንዷ ዓመት ተመንፈቅ የሆናትን ልጇን እንዳቀፈች በትኩሳት ሰንብታ ዐረፈች። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ አልነበረም። የገነዟት ሴቶች ያስተዋሉት የግራ እጇ ሌባ ጣት ጫፍ የሌለው መሆኑን ብቻ ነው። ልጅ ሊለምኑ የሄዱት ባልና ሚስት ልጅ አዝለው ተመለሱ። አቶ አካለ ወልድ እንደ አገሩ ወግ በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አጥብተዋቸው የጡት አባት ሆኑ፤ ስማቸውንም ማንጠግቦሽ አሏቸው።

ችግሩ የመጣው ክርስትና ሊያስነሷቸው ቤተ ክርስቲያን ሲወስዷቸው ነው። ካህኑ ቢመለከቱ የሕፃኗ አንገት ላይ ማተብ ታስሯል። የተጠመቀ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠመቅም። ስሟን የሚነግራቸው ስላልነበረ፣ የሄዱበትም ቀን ሚካኤል ስለነበረ፣ እውነተኛው እስኪገኝ ወለተ ሚካኤል ተብለው እንዲጠሩ ፈቀዱ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም በዚያ የተውሶ ስም አደጉ፣ በእሱው ቆረቡ።

በቁይ እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ከአቶ መሳፍንት ተገኘ ጋር ተጋብተው ኑሯቸውን በደብረ ማርቆስ አደረጉ፤ አብይንና ሕሊናንም ወለዱ። ባለቤታቸው በ1979 ዓ.ም. በሞት ሲለዩዋቸው በጌሾ ንግድ ተሰማርተው ሁለቱን ልጆች ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ገር ነበሩ ብለን ብንጽፍ የገበያ ጓደኞቻቸው ይስቁብናል። ጌሾአቸውን ነካክቶ ሳይገዛ የሄደ ሰው ስድብ ሳይጠግብ አይሄድም ነበር። ያው ሰው ሐዘን ቢደርስበት ግን ቤቱን ቀድመው የሚረግጡት እሳቸው ነበሩ።

ከጉንደ ወይን እስከ ቁይ ለንግድ በሚዞሩበት ገበያ ሁሉ፣ በወባው ዘመን ሴት ልጅ የጠፋችበት ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ። ደገኛው ሰው፣ ወባ የገደለው ሁሉ የቆላ ሰው ስለሚመስለው መልሱ አንድ ነበር፤ ወደ ዓባይ በረሃ ይሰዷቸዋል። እሳቸውም ስንቅ ይዘው ይወርዳሉ፣ አዝነው ይመለሳሉ። አሳዳጊዎቻቸው ጎድለውባቸው አልነበረም፤ ሁለቱንም ጡረዋል፣ ቀብረዋል። የሚያስጨንቃቸው ስሙ ነበር። ልጃቸው ሕሊና ፍለጋውን እንዲተዉት በለመነቻቸው ቁጥር፣ «በተውሶ ስም ፍትሐት ተደርጎልኝ፣ እዚያ ማን ነሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» ይሏት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው መምህርት ሕሊና ፍለጋውን ተረከበች፤ እሷም እንደ እናቷ ቆላ ወርዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። የንስሐ አባታቸው መምሬ አበባው ይህን ሲሰሙ አስጠሯት። «የጠፋባችሁ እያላችሁ ስትጠይቁ ኖራችኋል። የሕፃኗ ዘመዶች ግን እሷም ሞታለች ብለው ቢሆንስ? እናትና ሕፃን ልጅ አብረው የሚዘከሩበት ቤት ካለ ካህናቱን ጠይቂ» አሏት።

ሕሊና ይህን ይዛ ከደብረ ወርቅ ጀምራ ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው ዞረች። ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ያለ አጥቢያ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ካህን ብዙም ሳያስቡ የአቶ ፈንታ ይርዳውን ቤት አመለከቷት። በዚያ ቤት በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን እናትና ልጅ ይዘከሩ ነበር። አቶ ፈንታም ሳትጠይቃቸው የእናታቸውን የግራ እጅ ሌባ ጣት ማጭድ እንደቆረጠው ነገሯት። ወላጆቻቸው ደገኞች ነበሩ፤ ወባ የያዛቸው ዓባይ በረሃ ማሽላ ሊያጭዱ ወርደው ነው። አባትየው ቤታቸው ሲሞቱ እናትየው ሕፃኗን አዝለው ጠበል ሄዱ። ዘመድ ተከትሎ ቢደርስ በጠበሉ የሞተው ሁሉ ባንድነት ተቀብሯል ተባለ። የስምንት ዓመቱ ፈንታም እናቱንና እህቱን ባንድ ቀን አለቀሰ።

ያን ቀን እዚያ ቤት ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀ። የአቶ ፈንታ ባለቤት ለዝክሩ ጠላ ጌሾ ሲገዙ የኖሩት ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነበርና፣ እንጨቱ በዛ እያሉ ስንቴ እንደተጣሏቸው አስታውሰው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሕሊና ከአቶ ፈንታ የሰማችውን የክርስትና ስም ለእናቷ በስልክ አልነገረችም፤ ለወንድማቸው ተወችው። በሰኔ 2017 ዓ.ም. አቶ ፈንታ ደብረ ማርቆስ መጥተው ከእህታቸው አልጋ አጠገብ ተቀመጡና «ወለተ ኪዳን ነሽ» አሏቸው።  ወይዘሮ ማንጠግቦሽም «እስቲ እንደ ካህን ሆነህ ጥራኝ» አሉ። ወንድማቸው ብድግ ብለው ጠሯቸው። «አቤት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ባይለቃቸውም ጭንቀቱ ለቀቃቸው። ለኅዳር ጽዮን ልጆቻቸው በመኪና ጉንደ ወይን ወሰዷቸው። አቶ ፈንታ ካህኑን የእህታቸውን ስም ከሙታን አውጥተው ከሕያዋን ጋር እንዲያነሱት ለመኗቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ለነፍሳቸው ሲጠመቅ የኖረውን ጠላ ቀምሰው ጌሾው አንሷል አሉ። ቤተሰቡ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቷቸው አያውቅም።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። የሁለት ልጆች እናት፣ የወንጌላዊት፣ የሂዊ እና የሦስት ወንዶች ልጆች አያት ነበሩ። እህታቸውን ካገኙ ገና ዓመት ያልሞላቸው ወንድማቸው አቶ ፈንታም ዛሬ ከሐዘንተኞቹ መካከል ተቀምጠዋል። ከሕያዋን ጋር ያስነሱትን ስም ወደ ሙታን መልሱልኝ ብለው ለካህኑ መንገር ስላቃታቸው፣ ይህን ለሕሊና ትተውላታል። ሕሊናም ዛሬ ጠዋት ፍትሐቱ ከመጀመሩ በፊት ቀርባ ነግራለች።

በሐዘናችን አብራችሁን ለዋላችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። እሳቸውንም፣ ወለተ ኪዳን ብሎ በገዛ ስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን።