ከችሎት የተነሳችው እህትህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ። የሄድክበት አገር ይቅናህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም ተሽሎኛል፤ አንተ ብቻ ብርድ እንዳይመታህ ደርበህ ልበስ።

አዲሱ መንገድ በግቢያችን ሊያልፍ ነው ተባለ። ክልሉ ቢሮ ሄጄ አቤት ብል «መንገዱ የፌዴራል ነው፣ እኛን አያገባንም» አሉኝ። የመንገዱን ሕግ ፓርላማ ውስጥ እጁን አውጥቶ ያጸደቀው አጎትህ ነው። «ቤቱን ልቀቁ» የሚለውን ደብዳቤ የላከብን ደግሞ የእህትህ ባል የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። «እማማ፣ እኛ የወጣውን ሕግ ነው የምናስፈጽመው» አለኝ፣ ያውም ምሳዬን እየበላ!

እኔም ዳኛ ወልጄ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰስኩ። ጉዳዩ እህትህ ዘንድ ደረሰ። ቀና ብላ አየችኝና «ከሳሿ እናቴ ናቸው፤ ባሌም የተከሳሹ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው» ብላ ከችሎት ተነሳች። ደሜ ፈላ። በረንዳው ላይ ጠብቄ «አንቺ ጡቴን የጠባሽ አትመስይኝም» አልኳት።

መዝገቡ ለማላውቀው ዳኛ ተሰጠ። ሰውዬው ያንኑ የአጎትህን ሕግ አንብቦ «ምትክ ቤት ሳይሰጥ ማፍረስ አይቻልም» ብሎ አገደልኝ። እህትህ ብትፈርድልኝ ኖሮ ሰፈሩ «ልጇ ፈረደችላት» ይለኝ ነበር። አሁን ማን አፉን ይከፍታል?

እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። እኔ እንዳልደውል አፈርኩ። በል አንተ ደውልላትና «እማዬ ምሳ ሠርታ ትጠብቅሻለች» በላት። ባሏንም ይዛ ትምጣ፤ ደብዳቤ እንዳያመጣ እንጂ።

ያሳደገህ አምላክ ያኑርህ፣ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ