ከጓሮ ወደ ደጃፍ የወጣችው በለስ፦ የአቶ ስመኘው ቢሰጥ የሕይወት ታሪክ (1951–2018 ዓ.ም.)

አቶ ስመኘው ቢሰጥ ከአባታቸው ከቄስ ቢሰጥ ዓለሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ ደስታ በቋሪት ወረዳ፣ ከገበዝ ማርያም ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር በየካቲት ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ወንድሞቻቸው በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ፣ እናታቸው ይህኛውንም እንዳያጡ ፈርተው ከሰው ዐይን እየሸሸጉ አሳደጓቸው። አቶ ስመኘው ፍርሃትን ከጡት ጋር ጠቡት ቢባል ውሸት አይሆንም። ሰውን በቀብሩ ቀን ፈሪ ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው “ፈሪ ለእናቱ” እያሉ ሲቀልዱበት የኖሩት ነገር ስለሆነ አይቀየሙንም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ዲቁና ተቀበሉ። አዳም የበላው ዛፍ ዕፀ በለስ መሆኑን፣ ጌታችንም በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ቅጠል ብቻ ያገኘባትን በለስ መርገሙን የሰሙት ያኔ ነው። ሌላው ተማሪ ሰምቶ ወደ ጨዋታው ሲሄድ፣ እሳቸው ግን ያን ቃል ይዘውት ኖሩ። ቋሪት የቁልቋሉን በለስ እንጂ ቅጠለ ሰፊዋን በለስ አያውቃትም ነበርና፣ ዛፏን አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ ፈሯት።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። ሰውን ያስቸገረ ፍርሃታቸው ለችግኝ በጀ። በረዶ ይጥላል ብለው ሰማዩ ሳይጠቁር ሣር ያለብሳሉ፤ ምስጥ ይገባል ብለው አመድ ይነሰንሳሉ። ከእሳቸው እጅ የወጣ ማንጎና አቮካዶ ሳይጸድቅ የቀረበት ገበሬ ካለ እስከ ዛሬ አልሰማንም። የገዛ ጓሯቸውንም በዘይቱን፣ በኮክ፣ በትርንጎና በሎሚ ሞሉት።

በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተናኜ እንቁ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወይዘሮ ተናኜ በቡሬ አካባቢ ከሚኖር፣ አማርኛውንም አገውኛውንም ከሚናገር የገበሬ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። ሙሽራዋ ከአባታቸው ግቢ የቆረጧትን አንዲት ቅርንጫፍ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። በለስ ነበረች። አቶ ስመኘው ደነገጡ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ያመጣችውን መመለስ ደግሞ ነውር ነውና፣ ከመንገድ እንዳትታይ ከቤቱ ኋላ ተከሏት።

በለሷ ባልተጠበቀ ፍጥነት አደገች። በ1979 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ጌታሁን ተወለደ። ጌታሁን በ1984 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከዛፏ በልቶ በማግሥቱ ትኩሳት ያዘውና ሳምንት ሳይሞላው ዐረፈ። በዚያ ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ ወባ ገብቶ ያላስለቀሰው ቤት አልነበረም፤ በጤና ጣቢያ የነገሯቸውም ይህንኑ ነው። አቶ ስመኘው ግን ከቀብር እንደተመለሱ መጥረቢያ አንሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ወይዘሮ ተናኜ ግንዷን ተደግፈው ቆሙ። ባልየው መጥረቢያውን ጣሉና፣ በዲቁናቸው፣ ከቤተሰባቸው ማንም ከዚያች ዛፍ እንዳይቀምስ ገዘቱ።

ከዚያ ወዲህ ያች ቤት ከግዝቱ ሥር ኖረች። ጎረቤት ዘይቱኑንና ኮኩን በቁና ሲወስድ፣ በለሷን ግን አቶ ስመኘው ሳትበስል ለቅመው ከፍግ ጋር ይቀብሯት ነበር። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ወደ ጓሮ አይወጡም። በ1986 ዓ.ም. ሕሊና ስትወለድ ፍርሃታቸው ባሰ። ልጅቱ የምትጎርሰውን ሁሉ ቀድመው ያሸቱ ነበር፤ ከንፈሯ ላይ የበለስ ወተት ይኖር እንደሆነ ብለውም አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሯታል። ወይዘሮ ተናኜም የአባታቸውን ቤት ፍሬ ዳግመኛ አልቀመሱም። ዛፏን ያመጣ ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቃልና፣ ስለ ዛፏ የሚንሾካሾኩት ሁሉ ስለ እሳቸው እንደሆነ ይገባቸው ነበር። ባላቸው አንድ ቀን እንኳ በቃል አልወቀሷቸውም፤ አልፈረዱላቸውምም።

ሕሊና ለአቅመ ሔዋን ደርሳ አቶ ቻላቸውን አግብታ ቡሬ ኖረች። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን ከእናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። ጊዜው የሚታወቅ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ተኩስ ሲሰማ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል። አቶ ስመኘው ምጥ መንገድ በተዘጋበት ቀን እንዳይመጣ ሲሰጉ፣ ሌላ ጉድ መጣ። ሕሊናን አማራት። ከፍሬ ሁሉ ያማራት ደግሞ ያች በለስ ነበረች።

የነፍሰ ጡር አምሮት ከተከለከለ ፅንሱ ላይ ይወጣል ሲባል ሰምተው አድገዋል። ቢፈቅዱ ግዝቱ አለ፤ ቢከለክሉ ፅንሱ አለ። ማጣፊያው አጠራቸው። እህል መቅመስ ተዉ። መጨረሻ ላይ፣ ያጸኑብኛል ብለው ፈርተው ሠላሳ ሁለት ዓመት ከኑዛዜያቸው የሸሸጉትን ግዝት ይዘው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ክንፈሚካኤል ሄዱ። መምሬ ረጋ ብለው ሰሟቸውና፣ ማሰርና መፍታት የካህን እንጂ የዲያቆን ሥልጣን እንዳልሆነ፣ የቄስ ልጅ ሆነው ይህን መርሳታቸው እንደሚያስገርም፣ ከመነሻውም የታሰረ ነገር እንዳልነበረ ነገሯቸው። ሕፃኑን ናትናኤልን ከሄሮድስ ሰይፍ የሸሸገችውም በለስ መሆኗን አስታወሷቸው።

አቶ ስመኘው ይህን ሰምተው ፍርሃታቸው አልጠፋም። እየፈሩ ወደ ቤት ተመለሱ፤ እየፈሩ አንድ የበሰለች በለስ ቀጠፉ፤ አማትበው፣ ከግንዷ ሥር ተቀምጠው በሏት። ለባለቤታቸውም፣ ነገ ደኅና ሆነው ከተነሡ ለልጅቱ እንዲሰጧት ነገሯቸው። ወይዘሮ ተናኜ ያኔ ነው፣ ሲፈሩ የኖሩት ዛፏን ሳይሆን እኔን ነው ያሏቸው። አቶ ስመኘው በማግሥቱ ደኅና ተነሡ፤ ሕሊናም እስክትጠግብ በላች።

ምጡ የመጣው እንደፈሩት ባጃጅ በቆመበት ቀን ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት፤ አቶ ስመኘውም ተኩሱን እየሰሙ ከኋላ ተከተሉ። ሕሊና በሰላም ተገላገለች። ልጅቱ ያምሮት ተባለች። አያትየው ግን ከሕፃኗ ላይ ገና ያልተነሣ ሞት ያለ እየመሰላቸው፣ አራስ ቤት ገብተው እስትንፋሷን በጣታቸው ሲያዳምጡ ወራት አለፉ።

በ2017 ዓ.ም. ጾም ላይ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ሐኪም የልብ ድካም መሆኑን፣ ሕመሙም የቆየ እንደሆነ ነገራቸው። ከሞት ይልቅ ያስፈራቸው ከሞታቸው በኋላ የሚወራው ነበር። በለሷን በልቶ ሞተ መባሉ እንደማይቀር፣ ወሬው ባለቤታቸው ላይ እንደሚያርፍ፣ ያምሮትም እንደ እናቷ አገጯን እየተያዘች እንደምታድግ ያውቁ ነበር። ዝናብ ሲጥል፣ በሰኔ፣ ከጓሮዋ በለስ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ወይዘሮ ተናኜ ችግኟን ይዘውላቸው፣ አላፊ አግዳሚው በሚያያት ደጃፍ ላይ ተከሏት። አፈሩን በእጃቸው ከደለደሉ በኋላ እኛ ሁላችን ባለንበት ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ ጌታሁንን የወሰደው ወባ ነው፣ አንቺም ዛፍሽም የላችሁበትም አሉ። ወይዘሮ ተናኜ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ብዙ አለቀሱ። ይህ ቃል ዛሬ እዚህ በሰው ፊት እንዲነበብ ያዘዙትም አቶ ስመኘው ራሳቸው ናቸው።

አቶ ስመኘው በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ፍርሃት ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተናኜን፣ ልጃቸውን ሕሊናን፣ አማቻቸውን አቶ ቻላቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ያምሮትንና ይህን የጻፈችውን የእኅታቸውን ልጅ ትሕትናን ጨምሮ ብዙ ወዳጅ ዘመድ ትተው አልፈዋል።

ባረፉበት ዕለት ለቅሶው ቤቱን ሲሞላው ያምሮትን ያስተዋላት አልነበረም። ስንፈልጋት ከጓሮዋ በለስ ሥር ተቀምጣ፣ የወደቀውን እየለቀመች ስትበላ ተገኘች። ሊያስጥላት የሮጠ ሰው የለም። ወይዘሮ ተናኜ ከንፈሯን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላትና ሌላ ጨመሩላት። ዛሬ በእናቷ ጀርባ ሆና እዚህ መሐላችን አለች፤ ማየት የሚፈልግ ይያት።

ናትናኤልን ከበለስ በታች ሳለ ያየ አምላክ የአቶ ስመኘውን ነፍስ ይመልከት፤ መፍራት በሌለበት በአብርሃም ዕቅፍ ከልጃቸው ከጌታሁን ጋር ያኑርልን። አሜን።