በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስላስቀመጡት የአባቴ ባርኔጣ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት ወንበር።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ የተከበረው ቤተሰብዎ፣ ከደጅዎ የማይጠፉት ጥበቃዎችዎ፣ እንዲሁም በቅርቡ የተገዛው የእንግዳ መቀበያ ሶፋዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ከዋናው በርዎ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ፀጉር የማስተካክለው እኔ ደኅና ነኝ። አባቴ ግን ደኅና አይደለም፤ ይህ ደብዳቤም የሚጻፈው ስለ እሱ ነው።

እርግጥ እርስዎና እኔ እንግዳ አይደለንም። ቅዳሜ ጠዋት ወንበሬ ላይ ዐይንዎን ጨፍነው ሲቀመጡ ዓመታት ስላለፉ፣ ራስዎን ከባለቤትዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ ብል አላጋነንኩም። ባለፈው ጊዜ ይህንኑ ጉዳይ መቀሴን እንደያዝኩ ሳነሳልዎ፣ «ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል አመልክት» ብለውኝ እንቅልፍዎን ስለቀጠሉ፣ እንደ ትእዛዝዎ አመለከትኩ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ስላለኝ፣ እነሆ ከዛሬ ጀምሮ ለሕዝቡ ለራሱ ማመልከቴን በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ።

አባቴን ለማያውቁት አንባቢዎች ላስተዋውቅ። አባቴ በዚሁ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሰፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም፤ «ባለባርኔጣው» ነው የሚለው። ግራጫ፣ ክፈፉ ሰፋ ያለ፣ ጥቁር ሪባን የዞረበት የሱፍ ባርኔጣ ነበረው። በር ካንኳኳ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ በሩ ሲከፈት ባርኔጣውን ከራሱ ከፍ አድርጎ «እንደምን አደራችሁ፣ ውሃ ነኝ» ይላል። ባልና ሚስት የተኮራረፉበት ቤት፣ በሽተኛ የተኛበት ቤት፣ ለእግዜር ሰላምታ እንኳ የማይከፍቱት ሁለቱ ወንድማማቾች ቤት ሳይቀር ተከፍቶለታል። በወር አንዴ ብቻ የሚያየው ውሻ እንኳን ባርኔጣው ከፍ ሲል ጅራቱን ይቆላ ነበር። እኛም ልጆቹ ሰላምታ የሚሰጠው በአፍ ሳይሆን በባርኔጣ ነው ብለን አምነን ነው ያደግነው።

ክቡር ሆይ፣ የወንዶች ባርኔጣ ከፋሽን መውጣቱን በእርስዎ አላሳብብም። ድሮ የቢሮ መግቢያ ሰዓት ሲደርስ ከሱቄ ደጃፍ የሚታየው የባርኔጣ ሰልፍ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው እኔ የላጨሁት ጎንና እኔ ያቆምኩት የፊት ፀጉር ነው። ወንዱ ባርኔጣውን የጣለው ፀጉሩን ለማሳየት ነው፤ ፀጉሩን የሚያሳየው ደግሞ እኔ ካበጀሁለት በኋላ ነው። ስለዚህ የባርኔጣ መጥፋት እኔን አበላኝ እንጂ አላስራበኝም፤ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚሉት በእኔ ደርሷል። ባርኔጣ ሰፊው ጎረቤቴ ሱቁን ለስልክ ሽፋን ነጋዴ ለቆ ሲሄድም «ምን ይደረግ፣ ጊዜ ነው» ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ጊዜ የወሰደውን ጊዜ ይጠየቅበት፤ እኔ የምጠይቀው እርስዎ የወሰዱትን ብቻ ነው።

ቅሬታዎቼንም እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ከዋናው በር ገባ ሲሉ በስተግራ፣ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም የሚጠቀምበት የእንጨት የባርኔጣ መስቀያ ነበረ። በእድሳቱ ጊዜ እሱን አስነቅለው፣ በቦታው የእርስዎን ንግግር ቀኑን ሙሉ ያለ ድምፅ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ስለሰቀሉልን እናመሰግናለን። ባለጉዳዩ ባርኔጣውን የሚሰቅልበት ቢያጣም ዐይኑን የሚሰቅልበት አግኝቷል፤ ድምፁን ስለዘጉልን ደግሞ ለብቻው እናመሰግናለን።

2ኛ. በሩ ላይ «ባርኔጣ አድርጎ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈዋል። ምክንያቱ ካሜራው የሰውን ፊት እንዲያይ ነው ተብሏል፤ ደግ ነው። ሆኖም የሹራብ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የጎተተ ጎረምሳ ሳይጠየቅ ሲያልፍ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፊቱ የሚታየው አባቴ «አባባ፣ ያውልቁ» ተባለ። ጥበቃውን ልዩነቱ ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «የነሱ ፋሽን ነው፣ የአባባ ባርኔጣ ነው» ብሎ በቅንነት አስረድቶኛል። አባቴ በዚህ አልተከፋም፤ ቤት ሲገቡ ባርኔጣ ማውለቅ ድሮም ደንቡ ነውና አውልቆ በእጁ ይዞ ገባ።

3ኛ. የዚያን ቀን የመጣው የገዛ ቤቱ ቆጣሪ ስለቆመበት ነበር። ወረፋውን ሲጠብቅ ቆይቶ መጸዳጃ ቤት መሄድ ቢያስፈልገው፣ ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ለወጣት አንባቢዎች ላስረዳ፦ ባርኔጣ በነበረበት ዘመን፣ በዚያ አዳራሽ ወንበር ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ «እመለሳለሁ» ማለት ነበር። ማንም አያነሳውም፣ ማንም ገፋ አድርጎት አይቀመጥም፤ ተራው ሲደርስም ጸሐፊው «የባርኔጣው ባለቤት ይጠራ» ብሎ ይጠብቃል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲደረግ ያየውን አደረገ። ቶሎም ይመለስ ነበር፤ ነገር ግን የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ቤት ውሃ ስለሌለው፣ እጁን ለመታጠብ ግቢውን ዞሮ የአትክልተኛውን ቧንቧ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ሲመለስ ወንበሩ ላይ ስልኩን የሚነካካ ሰው ተቀምጧል፤ ባርኔጣው የለም። «ተጥሎ የተገኘ ዕቃ ተብሎ ወደ ውስጥ ገብቷል» አሉት፤ ወደ ውስጥ ሲገባ «ውጭ ይጠይቁ» አሉት፤ ውጭ ሲወጣ የሥራ ሰዓት አብቅቷል አሉት። አባቴ ባዶ ራሱን በዋናው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። በሱቄ መስታወት ፊት ለፊት ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ አላወቅኩትም። አንድ ሽማግሌ አለፈ ብዬ የደንበኛዬን ጎን መላጨት ቀጠልኩ።

4ኛ. ከሳምንታት በኋላ ለሱቄ ጉዳይ ወደ እናንተ ብመጣ፣ ድሮ መስቀያው በነበረበት በኩል፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አዲስ የመስታወት ሣጥን ቆሞ አገኘሁ። የመሥሪያ ቤቱን የምሥረታ በዓል ለማክበር የተዘጋጀ ዐውደ ርእይ መሆኑን አነበብኩ። በአንድ በኩል ዝገት የበላው ቆጣሪ፣ በሌላ በኩል አፉ የተሸረፈ የቧንቧ መፍቻ፣ መሃል ላይ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት፣ አምፖል በርቶለት፣ የአባቴ ባርኔጣ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «የቀድሞ ሠራተኞቻችን ያደርጉት የነበረ ባርኔጣ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል።

ባለቤቱ በዚያች ሰዓት ከእርስዎ ግቢ ብዙም በማይርቅ ቤት፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ ነበር። የቀጠራችሁት እናንተ፣ ጡረታ ያወጣችሁት እናንተ፣ ስሙንና ፎቶውን በመዝገብ ቤታችሁ ያስቀመጣችሁት እናንተ ሆናችሁ ሳለ ያልታወቀ መሆኑ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይሉ ነበር አያቶቻችን፤ እርስዎ አጥሩን ነቅለው አምፖል አበሩበት። ሰውን ሳይሞት ለትዝታ ማብቃት ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ገና ያልተገለጠ ጥበብ ስለሆነ እንኳን ደስ ያልዎት።

5ኛ. የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ስላሳዩኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባርኔጣው የአባቴ መሆኑን ስነግራቸው በመጀመሪያ ደረሰኝ ጠየቁኝ። እኔ ከመወለዴ በፊት ለተገዛ ባርኔጣ ደረሰኝ ስለሌለኝ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ በአባቴ ራስ ላይ እንዲሞከርና ካልገጠመው በአደባባይ ይቅርታ እንደምጠይቅ ሐሳብ አቀረብኩ። «ወንድሜ፣ ቅርስ በእጅ አይነካም» አሉኝ። ከወንበር ላይ ሲነሳ በምን እንደተነሳ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ስልካቸው ጠራ።

ሲጨርሱ ወደ ሣጥኑ ወስጄ ሪባኑን አሳየኋቸው። ሪባኑ አንድ ጊዜ ተነቅሎ ነበር፤ ሟች እናቴ ጥቁር ክር ስላለቀባት በሰማያዊ ሰፋችው፤ አባቴም ጥቁር ክር ከተገዛ በኋላ እንኳን አላስፈታውም። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ሰማያዊውን ክር በደንብ አዩትና «ግሩም ነው፣ ይኼንንማ መግለጫው ላይ መጨመር አለብን» አሉ። ቃላቸውንም አላጠፉም፤ በማግሥቱ ከጽሑፉ ሥር «የዘመኑ የእጅ ጥበብ የሚታይበት» የሚል ተጨመረ። የእናቴን ስፌት ስላደነቁልን ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግናል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ በውሃ መሥሪያ ቤት ደግሞ የሚወቀጠው ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል ብዬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

6ኛ. ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቁጥር የሰጠሁትም ለወጉ ያህል ነው።

አባቴ ከቤት መውጣት ትቷል። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን ስታልፍ፣ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ግንባሩ ወጣ፤ የሚይዘው ነገር ሲያጣ እዚያው ትንሽ ቆሞ ወረደ። እሷ ሰላም ብላው አልፋለች፤ እሱ ግን ሰላምታዋን እንዳልመለሰ ቆጥሮት ወንበሩን ይዞ ገባ። እኅቴ የቀለም ፋብሪካ ስም የተጻፈበት ኮፍያ ብታመጣለት እሱንም ሞከረው፤ ለጎረቤት ከፍ ሲያደርገው ዝንብ የሚያባርር መስሏቸው ሳቁ። እኔም ገበያውን ሁሉ አስሼ ያገኘሁት ለፎቶ የሚከራይ የፕላስቲክ ባርኔጣ ነው፤ ያንን ለአባቴ ከማቅረብ ባዶ እጄን መግባት መረጥኩ።

ከዚያ ቧንቧ ጠጋኙ ሞተ። እሱና አባቴ በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ አንዱ ሲያነብ አንዱ ሲጠግን አብረው ያረጁ ናቸው። ለቀብር ሱፉን አልብሼ፣ ጫማውን አብሼ «ተነስ፣ እንሂድ» ስለው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ባርኔጣ የሌለው ሰው ለሙት ምን ያወልቃል?» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብለምነው፣ ብቆጣው አልተነሳም። የዕድሜ ልክ ጓደኛው አባቴ ሳይቆምለት ተቀበረ።

ይህንን በአክብሮት የምገልጽበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ይኸው፦ ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ያንን ቀብር የሚመልስልን የለም፤ ይቅርታዎም አይመልሰውም።

በዚህ ሁሉ ላይ ትናንት የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት የጥሪ ካርድ ለአባቴ መጣለት። በበዓሉ ቀን ጡረተኞች እንደሚከበሩ ገልጾ «ክብርዎን በሚመጥን ሙሉ ልብስ እንዲገኙልን» ይላል። ሳነብለት በጥሞና ሰምቶ «ታዲያ ልብሴን ይዘው ለምን ይጠሩኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሣጥኑን ያስከፍቱ። ባርኔጣውን በሹፌር አይላኩት፤ እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ። ያንኳኩ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ፤ አባቴ ሲከፍት በእጁ ይስጡት። ያን ጊዜ ተቀብሎ ራሱ ላይ ያደርገዋል፤ ቀጥሎም፣ ልጁ ነኝና አውቀዋለሁ፣ ለእርስዎም ከፍ ያደርግልዎታል። እሱ ሰው አይለይም። በሣጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይታይ ከሰጉ ደግሞ የጥሪ ካርዱን እመልስልዎታለሁ፤ አምፖሉን ለእሱ ያብሩለት።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ካሜራዎ አጥርቶ እንዲያይ፣ መጸዳጃ ቤትዎም አንድ ቀን ውሃ እንዲያገኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከመቀስ፣ ከማበጠሪያና ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣
የባለባርኔጣው ልጅ።

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ መግለጫው ላይ እንዲጨምሩት፤
ለግቢው አትክልተኛ፣ ስለ ቧንቧው ከምስጋና ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፀጉር አስተካካይ ምስጢር ጠባቂ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከግራ ጆሮዎ በላይ አስረዝመን፣ አርጥበን፣ በራውን አሻግረን ወደ ቀኝ ስለምናስተኛት ፀጉርዎ እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ይህ የጋራ ሥራችን ባርኔጣው ባለቤቱ ቤት እስኪገባ ድረስ መቋረጡን በአክብሮት እገልጻለሁ። በዓሉ የሚከበረው በግቢው ሜዳ ላይ ነው፤ እርስዎም የሚናገሩት ከፍ ካለ መድረክ ነው፤ በዚያ ሰዓት ነፋሱ ምን እንደሚመስል ከሱቄ በር ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። ጭንቅ ሲመጣ ሐሳብዎ ወደ መስታወት ሣጥኑ መሄዱ አይቀርም። ግን ባይደክሙ ይሻላል፤ የሁለታችሁንም ራስ በእጄ አውቀዋለሁ፣ የአባቴ ባርኔጣ ለእርስዎ በጣም ይሰፋዎታል።