መዝገቡ ያልተቀበላቸው አሥራ አንድ ግልገሎች

«ፕሮግራሙን ደግመን ፈትሸነዋል፤ ጤነኛ ነው። ጠፉ የተባሉት በጎች የጠፉት ከመዝጋቢው እጅ ነው። እባካችሁ መዝጋቢው የሚጽፈውን ቀን አስተውሎ እንዲጽፍ ንገሩልን።»

ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ቀኑ ግንቦት 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ የተጻፈው ለበግ አርቢዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ወዳጆ ነው፤ የተነበበው ደግሞ ሠላሳ አራት አባላት በተሰበሰቡበት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። መዝጋቢው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ታላቅ ወንድምሽ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ።

ለውድ እኅቴ ለመቅደላዊት፦ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የባንጋሎር ሙቀት ጋብ አለልሽ ወይ? የባለቤትሽ የምስክር ወገብስ ተሻለው? ልጅሽ ኮከብዬ አማርኛዋን እንዳትረሳ አደራ ብዬሽ ነበር፤ እንዴት ናት? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ደጃችን ላይ ተኝቷል፤ ከጎረቤት አጥር ወዲያ አይታይም፤ ገብሱ ግን አምሮበታል። እማዬ ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደኅና ናት። ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ተቆጥቼም ተደስቼም ነው የምጽፍልሽ። ቁጣው የራሴ ነው፤ ደስታው ግን የሠፈሩ ሁሉ ስለሆነ አብሬ ልልክልሽ ግድ ሆነብኝ። ከሥሩ ልንገርሽ።

አምና ነሐሴ ላይ በሲዲ የላክሽልንን ፕሮግራም ተቀብለን ጫንን። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ እኔ የተወለደበትን ቀን፣ የእናቱን ቁጥርና የባለቤቱን ስም መጀመሪያ በትልቁ መዝገብ በእጄ፣ ቀጥሎ በኮምፒውተሩ እጽፋለሁ። በጻፍኩ ቁጥር «በትክክል ተመዝግቧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ አረንጓዴ ወጣ። ግንቦት ላይ ለዘር አውራ መረጣው ዝርዝሩን ሳወጣ ግን ሁለት መቶ ሦስት ብቻ ተቆጠሩ። አሥራ አንዱ የሉም። ጋሽ ወዳጆ ጠየቁሽ፤ አንቺም ከላይ ያለውን መለስሽ።

የመረጣው ደንብ ጥብቅ መሆኑን አትዘንጊ። ከኮምፒውተሩ በወጣው ዝርዝር ላይ ቁጥሩ የሌለ ወንድ በግ፣ ዘሩ ስለማይታወቅ፣ በመረጣው ዕለት እዚያው ሜዳ ላይ ይኮላሻል። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «ያለ ምንም ልዩነት» የሚለውንም ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከአሥራ አንዱ አንዱ የእሜት ወለተኪዳን ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ አራት እናት በጎችና ያንን ጥቁር ግልገል ብቻ ይዘው የቀሩትን ጎረቤታችንን ማለቴ ነው። ግልገሉ ወንድ ነው፤ አድጎ ሲታይ ደረቱ የሰፋ፣ ላቱ የከበደ፣ የዓመቱ አውራ ይሆናል ብለን ሁላችንም በዓይናችን የያዝነው ነበር። ቁጥሩ ከዝርዝሩ መጥፋቱን ሲሰሙ ቢሮ ድረስ መጡ። «ኪዳኔ፣ የተማረ ነው ብዬ ባምንህ በጌን በምን ቂም ነው የሰረዝክብኝ? ለእኔ የቀረኝን ወንድ እሱንም ልታኮላሽብኝ ነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መረጣው ሰኔ 13 ቀን ነበር፤ ጋሽ ወዳጆን ለምኜ ለሰኔ 27 አስተላለፍኩት። «ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ በኋላ ደንቡ የራስህ ነው» አሉኝ።

አሁን ያደረግሁትን ስሚ። ከሲዲው ጋር የላክሽው «ችግር ሲገጥም» የሚለው ወረቀት አለ፤ ቃል በቃል ፈጸምኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ፕሮግራሙ መረጃው ከሚቀመጥበት ከዳታቤዙ ጋር መገናኘቱን ፈተሽኩ፤ ተገናኝቷል ይላል። በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል ሆኖ የሚያመላልሰውን፣ ድራይቨር የምትሉትን ክፍል አውጥቼ ከሲዲው እንደ አዲስ ጫንኩት። አሥራ አንዱን እንደገና ጻፍኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አረንጓዴ ወጣ፤ ዝርዝሩ አሁንም ሁለት መቶ ሦስት ነው። የወረቀትሽ የመጨረሻ መስመር «አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ» ይላል። አስተዳዳሪው እኔ ነኝ። ራሴን ብዙ አነጋገርኩ፤ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ያኔ ጥፋት ሠራሁ። አባላቱ ቀኑን በትክክል አልነገሩኝም ብዬ ጠረጠርኩ። እንደምታውቂው የእኛ ሰው ግልገል መቼ እንደተወለደ ሲጠየቅ በቁጥር አይናገርም፤ በሚካኤል ማግሥት፣ በጊዮርጊስ ዋዜማ ነው የሚለው። ቁጥሩን የማወጣው እኔ ነኝ። አሥራ አንዱን ቤት ዞሬ መረመርኳቸው። እሜት ወለተኪዳን ዘንድ ስደርስ በሩ ላይ ቆመው፣ «የጥቅምት ማርቆስ ነው አልኩህ! ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ እናቱ ስትልሰው ነው ያገኘሁት። እኔን ነው ማርቆስ መቼ እንደሚውል የምታስተምረኝ?» አሉኝ። አፍሬ ተመለስኩ።

ግን ቃላቸው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። የአሥራ አንዱን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሰባቱ የጳጉሜን ናቸው፤ አብዛኞቹም የሩፋኤል ዕለት። አራቱ የጥቅምት 29ና 30 ናቸው። ጳጉሜኑ ወዲያው ገባኝ፤ ፕሮግራምሽ ቀኑን በቁጥር ሲያስተላልፍ ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር ትሆናለች፤ ድራይቨሩ ደግሞ የፈረንጅ ልጅ ነውና ከአሥራ ሁለት በላይ ወር አያውቅም። ጥቅምት ግን ምን አደረገው? ጥቅምት እንደማንኛውም ወር ሠላሳ ቀን ነው። አንድ ቀን ተኩል እህል አላሰኘኝም። አስካለ ማርያም፣ «እኔ ሚስትህ ባመልጥ እንዲህ አትፈልገኝም» አለችኝ።

መልሱ ከጀርባዬ ተሰቅሎ ነበር። በግድግዳው ካላንደር ላይ የእኛም የፈረንጁም ቀን አለ። ተነሥቼ የፈረንጁን ወሮች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሁለተኛው ወራቸው ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው። የእኛ ሁለተኛ ወር ማን ነው? ጥቅምት! ድራይቨሩ «30/2/2003» ሲቀርብለት የፌብሩዋሪ ሠላሳ መሰለው፤ እንዲህ ያለ ቀን በዓለም የለም ብሎ መለሰው። ሌሎቹ ወሮቻቸው ከሠላሳ ስለማያንሱ የእኛዎቹ ሁሉ በሰላም ያልፋሉ። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ጮህኩ። የጎረቤት ቢሮ ሠራተኞች ሰው ሞተ ብለው መጡ።

በግምት አልቆምኩም፤ ታውቂኛለሽ። በሌለ በግ ስም የጥቅምት 28ን ጻፍኩ፤ ገባ። 29ኙን ጻፍኩ፤ አረንጓዴው ወጣ፣ በጉ አልገባም። ከዚያ ሎግ የምትሉትን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩ። ድራይቨሩ እምቢ ያለውን ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በእንግሊዝኛ ጽፎ አስቀምጦታል፤ «የማይታወቅ ቀን»፣ «የማይታወቅ ቀን»፣ እያለ። ስለዚህ ድራይቨሩን አልወቅስም። ያላወቀውን አላውቅም ብሏል፤ ከብዙ ሰው ይሻላል። የምወቅሰው እምቢታውን ሰምቶ ዝም ብሎ «በትክክል ተመዝግቧል» የሚለውን ያንቺን ፕሮግራም ነው። እናንተ ፕሮግራም ጻፊዎች ይህን ስሙ፦ መልእክተኛው እምቢታ ይዞ ሲመለስ «ተቀብለዋል» ብሎ መናገር ውሸት ነው።

ደግሞ ማን ረሳው! ጳጉሜንን የረሳው ፈረንጅ ቢሆን ባልገረመኝ። አንቺ ራስሽ የሩፋኤል ዕለት፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ የተወለድሽ ነሽ! ለእማዬ ብነግራት እስክታለቅስ ሳቀችና፣ «እንዲያ ከሆነ ልጄ ራሷን አላስመዘገበችም በላ! ጆሮዋ ላይ ቁጥር አድርገህ ጻፋት» አለች። ሰሞኑን የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይወጣም።

ፕሮግራምሽን የማስተካከል ሥልጣን የለኝም፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። አሥራ አንዱን ብቻ ወደ ፈረንጅ ቀን ብቀይር መዝገቡ ድብልቅልቅ ይላል። ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም በእጄ እያሰላሁ ወደ ፈረንጅ ቀን ለወጥኩና፣ የቀድሞውን ሁሉ ሰርዤ ከመጀመሪያው እንደገና ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀ። ዝርዝሩን ሳወጣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሞላ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ አሥራ አንዱን ቤት እንደገና ዞርኩና «ስለ ጠረጠርኳችሁ ይቅርታ» አልኩ። ቀላል እንዳይመስልሽ።

ሰኔ 27 ጉሙ ተገፎ ብራ ቀን ሆነ። በጎቹ በየተራ ተመዘኑ፤ የእሜት ወለተኪዳን ጥቁር አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ደፋ፤ በእድሜው የሚስተካከለው አልተገኘም። ጋሽ ወዳጆ ዝርዝሩን ይዘው ቁጥሩን ሲጠሩ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንደኛ አውራ እሱ ሆነ። ለዘር ስለተመረጠ የሚያኮላሸው የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሠፈሩ ሁሉ የእሜት ወለተኪዳንን ደጅ ይጠናል። እሳቸውም በሰው ሁሉ ፊት አንገቴን አቅፈው፣ «ኪዳኔ፣ ስትቆጣ እንጂ ስትስቅ ዛሬ ገና አየሁህ፤ ጥርስ አለህ ለካ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሠፈሩ «ባለጥርሱ» ሆኛለሁ። ለኮከብ ከአውራው ጸጉር ኮፍያ እሠራለሁ ብለዋል፤ ባንጋሎር ሙቀት ነው ብላቸው፣ «እንግዲያ ወደዚህ ታምጣታ!» አሉ። እኔም ይህንኑ እላለሁ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ለምስክር ወገብ ጸበል እልካለሁ ብላለች። አስካለ ማርያም ለሦስታችሁም በጣም ሰላም ትላለች፤ በርበሬው ሲደርቅ የምትልክበት ሰው እየፈለገች ነው። ጋሽ ወዳጆ «ከተማረች ሰው ጋር አታጣሉኝ» ብለው ሰላም ብለውሻል። እሜት ወለተኪዳን ማርቆስ ይጠብቅሽ ይላሉ። ኮከብዬን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ።

አሁን የምፈልገውን ልጻፍ። ይህንኑ ፕሮግራም ራቤል ላሉት አርቢዎችም ልከሻል፤ የእነሱ የጳጉሜንና የጥቅምት ግልገሎች ዛሬም የሉም፤ መረጣቸው ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ የተስተካከለውን ለእነሱም ለእኛም ትልኪያለሽ። ለጋሽ ወዳጆም ስሕተቱ የመዝጋቢው እንዳልነበረ በጽሑፍ ትመልሺያለሽ፤ እንደ ፊተኛው ደብዳቤሽ በስብሰባ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። መልሱ የሚደርሰኝ እስከ ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ናት፤ በአምስት እንዳትዘጊያት። የደረሰኝን ደብዳቤ የምመዘግበው በዚያው በተስተካከለው ፕሮግራም፣ በዚያው ቀን ነው። ቀኑን ካልተቀበለው መልስሽ አልደረሰኝም።

ወንድምሽ ኪዳነ ወልድ
መሐል ሜዳ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2003 ዓ.ም.