ብርድ ነው ያልሽኝ

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ
ጥር ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለርሆቦት፣
ፑኔ፣ ሕንድ አገር

ልጄ ርሆቦት፣ እንደምን ከረምሽ? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ "እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ብዬ እቀጥል ነበር። ዛሬ ግን ይቺን መስመር አልጽፋትም፤ በቤታችን ውሸት በዝቷል።

ፊደሉ ተንጋዶ ብታዪው አትደንግጪ። እስክሪብቶውን በቢጫ ጨርቅ ጠቅልዬ በመዳፌ ጨብጬ ነው የምጽፈው፤ ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው። ለምን አልደወለም ትዪ ይሆናል። ድምፅሽን ከሰማሁ ቁጣዬ ይበርዳል፤ እኔ ደግሞ ሳልናገር እንዲበርድ አልፈልግም። የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘይነት ልጅ መስዑድ ለዕቃ ግዢ ወደዚያ ስለሚመጣ ደብዳቤውን እሱ ያደርስልሻል።

ከጥምቀት በፊት የአመልካች ጣቴ ጫፍ ቆስሎ አልድን ስላለኝ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድሁ። ያየችኝ ዶክተር ጽጌ የምትባል አዲስ ሐኪም ናት፤ ያንቺ እኩያ ብትሆን ነው። የድሮውን ካርዴን አስወጥታ አነበበችና "አባቴ፣ የስክሌሮደርማ ክትትልዎን ለምን አቋረጡ?" አለችኝ።

"የምኔን?" አልኋት።

"ቆዳ የሚያደርቀውን ሕመም ነዋ። ከሁለት ዓመት በፊት እኮ ታውቋል።" ይህን ብላ ወደ ታች ስታነብ ድምፅዋ ቀነሰ። "ለልጃቸው ተገልጿል። ለአባቷ እንዳይነገር ልጃቸው ጠይቃለች" ይላል ካርዱ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ያወጣው ካርድ ነው።

ያን ቀን ከሐኪሙ ክፍል ወጥተሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ይዤ እጠብቅሽ ነበር። "ብርድ ነው አባባ። ቀዝቃዛ ውኃ አይንኩ፤ ይቺን ቪታሚን ይዋጡ" አልሽኝ። ብርድ! ለእኔ! አርባ ዓመት የፍየል ቆዳ ስዘፈዝፍ፣ ስወጥር፣ ስፍቅ ኖሬ፣ የትኛው ቆዳ ብራና እንደሚወጣው የትኛው እንደማይወጣው በአውራ ጣቴ ብቻ የምለይ ሰውዬ! በሌላ በሌላው ብትዋሺኝ እሺ ይሁን። እኔን በቆዳ ትዋሺኛለሽ?

ብርድ አለመሆኑንማ በዚያው ሰሞን ዐወቅሁ። አንቺና እናትሽ ማድቤት ውስጥ ትንሾካሾካላችሁ፤ እኔ ብቅ ስል ወሬው ስለ ሽንኩርት ይሆናል። እናትሽ ሸጊቱ እጄን ባየች ቁጥር ዐይኗ እንባ ያቀራል። ጣቶቼ መታጠፍ ጀምረው ነበር፤ እንዲያ የታጠፈ ጣት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት በገዳም ደጅ በሚቀመጡት ድውያን እጅ ላይ ነው። እንግዲህ ሚስቴና ልጄ ስሙን ለመጥራት ያፈሩት በሽታ ምን ይሆናል? የሥጋ ደዌ ነው አልሁ፤ በልቤ። እናንተ ደበቃችሁኝ፤ እኔም ዐወቅሁ ያልሁትን ደበቅኋችሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ አታውቂውም። ዋንጫዬን ለየሁ። አልጋዬን ብራና ወደምፍቅባት ክፍል አዛወርሁ። የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን የሚጠጣው በአንድ ጽዋ ስለሆነ ከማኅበሩ ቀረሁ። ሁለት ፋሲካ የእናትሽን ጉርሻ መለስሁባት፤ እጇ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ቀርቶ ወደ ትሪው ሲመለስ እያየሁ። አንቺንም ቢሆን አየር ማረፊያው በር ላይ እጄን ልትስሚ ጎንበስ ስትዪ ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁት። ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። "አባባ መሄዴን ጠልተው እጃቸውን ነሡኝ" ብለሽ ለእናትሽ ማልቀስሽንም በኋላ ሰምቻለሁ። ልጄ፣ የሸሸግሁት እንዳይጋባብሽ ፈርቼ ነው።

ዶክተሯን "ታዲያ ቁምጥና አይደለም?" ብላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ማን ነው ያለዎት?"

"ማንም።"

"አባቴ፣ እሱ ቢሆን እንኳ መድኃኒት አለው፤ ከሰው ተለዩ የሚያሰኝ ነገር የለበትም። የእርስዎ ደግሞ ጭራሽ እሱ አይደለም። ወደ ማንም አይጋባም።"

ከዚያ በኋላ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ቆዳችንን ደግፎ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል እንደ ክር ያለ ነገር ነው አለችኝ። ሰው ሲቆስል ሰውነቱ ይህን ክር ፈትሎ ቁስሉን ይጠግናል፤ ሲበቃው ይተዋል። የእኔ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ተነሣና ቁስል በሌለበት ይፈትል ጀመር፤ መተዉንም ረሳው። ክሩ በላይ በላዩ ሲከመር ቆዳዬ ወፈረ፣ ደረቀ፣ ከሥሩ ካለው ጋር ተጣበቀ። ደም ሥሮቼም ስለጠበቡ ነው ጣቶቼ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካቸው መጀመሪያ ነጥተው ኋላ የሚጠቁሩት። "የሚጽፉበት ብራና እኮ ራሱ ኮላጅን ነው" አለችኝ፤ "ጠጉሩና ሥቡ ተፍቆ ሲወጣ የሚቀረው እሱ ነው።" ሳቅሁ፤ አፌ የፈቀደልኝን ያህል። አፌም ጠቧል። የግንባሬ መጨማደድ ጠፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ "የኔታ ወጣት ሆኑ" እያለ ሲቀልድብኝ ነበር፤ ለካ ቆዳዬ ተወጥሮ ኖሯል። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ዶክተሯ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። አንቺ ሁለት ዓመት አልበቃሽም።

በባጃጅ እየበረርሁ ቤት ገባሁና "ሸጊቱ፣ ውኃ ስጪኝ፤ ባንቺ ዋንጫ" አልኋት። እናትሽ ቆማ ቀረች።

"ምነው የኔታ፣ ተዉት እንዴ?"

"ምኑን?"

"ምንኩስናውን።"

ትሰሚኛለሽ? እናትሽ ይህን ሁለት ዓመት ሊመነኩስ ነው ብላ ነው የኖረችው! አልጋ ለየ፣ ዋንጫ ለየ፣ ከማኅበር ቀረ። በሽታው ፈጽሞ እንደማይድን ካንቺ ሰምታለች። እንግዲህ ደሴት ገዳም ሊገባ ቆርጦ ለሚስቱ መንገር ከብዶት ነው ብላ፣ ከእግዚአብሔር መንገድ እንዳታሰናክለኝ አፏን ይዛ ተቀመጠች። ሣጥኗን ከፍታ በገዛ እጇ የሰፋችውን ቆብ አወጣችልኝ። "የጠየቁኝ ዕለት እያለቀስሁ እንዳልሰፋው አስቀድሜ ጨረስሁት" አለችኝ። እሷ ባሌ ተወኝ፣ እኔ ሚስቴ ተጸየፈችኝ እያልን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት። በማግሥቱ ቆቡን ተረተረችው፤ ያልተባረከ ነውና ነውር የለውም። ይህን እስክሪብቶ የጠቀለልሁት በእሱ ጨርቅ ነው።

ለልቤ ፈርተሽ ነው፤ ዐውቃለሁ። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ቶሎ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። እኔ ግን ሰው አልሞተብኝም ነበር። የራሴ ቆዳ ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚባለው በሽተኛው ሲደብቅ ነበር፤ ከበሽተኛው ሲደበቅስ ምን ይባላል? ያንን ቪታሚን ያልሽኝን መድኃኒት በወሩ ጣልሁት። ቪታሚን ለሥጋ ደዌ ምን ሊያደርግ ብዬ ነው። እውነተኛ ስሙን ብትነግሪኝ ኖሮ አንዲት ፍሬ አላጓድልም ነበር። ክደሽኛል ርሆቦት። ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ስሚ። ዶክተሯ ደረቴን አዳምጣ ፎቶ አስነሣችኝ። ክሩ ሳንባዬ ውስጥ ገብቷል። ዳገት ስወጣ የሚያጥረኝ ትንፋሽ የዕድሜ አይደለም። ያዘዘችልኝ መድኃኒት ቢያዘገየው እንጂ የገባውን አያስወጣውም። ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን መሰለሽ? "እባክሽ ልጄ፣ ለባለቤቴ እንዳትነግሪያት።" ዶክተሯ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች። አንገቴን ደፋሁ።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት እዚህ ድረስ ያለውን ለእናትሽ ላነብላት ተቀመጥሁ። ፊደል እንዳልቆጠረች ታውቂያለሽ፤ ሆኖም እኔ ስጽፍና መልሼ ሳነብ ከጎኔ ሆና ፈትል ስትፈትል ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ሳንባ የሚለው ጋ ስደርስ ዘልዬ ወደ ታች ወረድሁ።

"ቆይ፣ ዘለሉ" አለችኝ።

"በምን ዐወቅሽ?"

"ጣትዎ ዘለለ።"

ለካ ያ የታጠፈ ጣቴ እንደ ልማዱ ከመስመሩ ሥር እየሄደ ኖሯል። እናትሽ በሁለት እጇ ያዘችውና ወደተነሣበት መስመር መለሰችው። አነበብሁላት። እስክጨርስ አልለቀቀችውም።

እንግዲህ የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች እንዲህ ያለው ሳንባ ስንት ዓመት ይቆያል እንደሚሉም ጠይቀሽ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ። ቁጣዬ ገና አልበረደም፤ ስትመጪ ፊት ለፊት እጨርሰዋለሁ። ቶሎ ነይ። እጄን ጋቢ ውስጥ አልከተውም።

የጣና ቅዱሳን ሁሉ በወጣሽበት ይጠብቁሽ፤ ዕውቀቱን ከነድፍረቱ ይስጥሽ።

ያልመነኮሰው አባትሽ
ኪዳነ ወልድ