መርዶ በአምስት ሰዓት ተኩል

ውድ አባየ፣

ይህን የምጽፍልዎ ፍኖተ ሰላም፣ ደጅ ይቀመጡበት ከነበረው መደብ ላይ ሆኜ ነው። ነገ በማለዳው አውቶቡስ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጆሃንስበርግ፣ ይርሳው ዘንድ። መሞትዎን ልነግረው።

ቢቆጡ እውነትዎን ነው፤ ወንድሜ እስካሁን አያውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ዋሽተነዋል። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አልወጣለትም፤ ከዚያ አገር ከወጣ መመለሻ የለውም። ሰምቶ ሁሉን ጥሎ እንዳይመጣ ብለን ነው። እሑድ እሑድ ሲደውል "አባየን አገናኚኝ" ይላል፤ እኔም "ፀበል ገብተዋል፣ ስልክ አይደርስም" እላለሁ። አርባዎን ያወጣን ዕለት እንኳ ካህናቱ ግቢውን ሞልተው ሳለ ደውሎ "ምን ጫጫታ ነው?" ቢለኝ "የሰንበቴ ተራ ደርሶን ነው" አልሁት።

አጎቴ ዘሩ "እኔ ደውዬ ልገላግልሽ" ብለውኝ ነበር። እምቢ አልሁ። የፈረስ ቤቷ የአክስቴ የታንጉት ልጅ መተማ ላይ የሞተ ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው። መንገድ ተዘግቶ መኪና ጠፍቶ ነበር። እኔው ራሴ "ይደውሉላት እንጂ፣ ፈረስ ቤት ድረስ በዚህ ጉልበትዎ እንዴት ይሄዳሉ?" አልሁዎ። ዱላዎን አንስተው "ስልክ አፍ አለው፤ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ግን የለውም" ብለው ወጡ። ቀን ሙሉ ተጉዘው፣ ጎረቤቷ ቤት አድረው፣ ሊነጋ ሲል በሯን አንኳኩ።

ስለዚህ ርቀቱን አጣራሁ። ከቦሌ ጆሃንስበርግ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ሰዓት ተኩል በረራ። አጎቴ ሳቁብኝ። "ለመርዶ በአውሮፕላን የሄደ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔን ያያሉ" አልኋቸው። ከዚህ አዲስ አበባ በአውቶቡስ መግባት እኮ ከዚያ በላይ ሰዓት ይፈጃል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከቀትር በኋላ ነው፤ መርዶ ደግሞ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። የቡሬው ክንፈሚካኤል፣ እዚያ ከይርሳው ጋር የሚሠራው፣ ያገራችንን ልጆች ይዞ በማለዳ ሊመጣ ተነጋግረናል። እስከዚያ ከወንድሜ ጋር እራት መብላት፣ መሳቅ፣ ስለ እርስዎ ሲጠይቀኝ "ደህና ናቸው" ማለት አለብኝ። በስልክ መዋሸቱን ለምጄዋለሁ፤ ዓይኑን እያየሁ ግን እንጃ። ጥቁር ልብሴን ከሻንጣው ሥር አድርጌያለሁ። የተላጨሁት ፀጉሬ ገና አላደገም፤ ሻሽ አስርበታለሁ።

ትናንት ደውሎ ነበር። "እህቴ ልትጠይቀኝ ልትመጣ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ" አለኝ። ደስታው አንጀቴን በላው። ከዚያ "ስትመለሺ ለአባየ የምትይዢላቸው ጫማ ገዝቻለሁ። ቁጥራቸው አርባ ሁለት አይደል?" አለ።

"አዎ፣ አርባ ሁለት" አልሁት። ስልኩን ዘግቼ እዚሁ መደብ ላይ አለቀስሁ።

አሁን ግን ለቅሶዬን ጨርሻለሁ፤ የቀረው የእሱ ነው። ያችን አንድ ማታ እንደምንም እችላታለሁ። ሲነጋ ከእነ ክንፈሚካኤል ፊት እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ለሌላ ሰው አልተውም። እርስዎ ፈረስ ቤት ድረስ በእግርዎ ከሄዱ፣ እኔ ተቀምጬ መሄድ አያቅተኝም።

ሲወድቅ እይዘዋለሁ፣ አባየ። በሁለት እጄ።

ልጅዎ ያምሮት