«አቤት» ማለት ስላቃታት እናቴ

ለሆስፒታሉ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ የማያሳርፍ፣ ሲናገሩም ድምፅዎን ከነሙሉ ግርማው የሚያሰማ ጤና እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ። ሰው ፊት መናገር የማልችል ዓይነ አፋር ልጅ ስለሆንኩ፣ ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ ለድፍረቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ለአዛኝነትዎ ምስጋና ይድረስዎ። እናቴ አምና እዚሁ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አሥራ ስድስት ቀን በጉሮሮዋ በገባ ቱቦ ስትተነፍስ ነበር። ከወጣች በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራት ክፍልዎ አስም ነው ብሎ አሥራ አንድ ወር ወደ አፍ የሚረጭ መድኃኒት ሰጣት። የቱቦው ታሪክ የተጻፈበት ካርድ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሠራተኛዎን ደረጃ ለማስወጣት አልጨከኑም።

ሁለተኛ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ከዚህ በፊት ቱቦ ገብቶላት እንደሆነ እናቴን በመጠየቋ የክፍሉን ልማድ አፍርሳለችና ትገሠጽልኝ። በሲቲ ስካን አይታ የአየር ቧንቧዋ ግድግዳ ወፍሮ መተላለፊያው እንደጠበበ ነገረችን። የቱቦው ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ ቲቢም፣ ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ ብግነትም፣ አልፎ አልፎ ዕጢም ሊሆን ስለሚችል፣ በጉሮሮዋ ካሜራ አስገብተው ሳያዩና ቅንጣት ወስደው ሳይመረምሩ አይታወቅም አለች። ከአንድ ወር እንዳያልፍ ብላም ካርዱ ላይ በቀይ ጻፈች።

ሦስተኛ፣ የካሜራው ቀን ደረሰ። በደንብዎ መሠረት ታካሚ ስሙ ሲጠራ ራሱ ጮክ ብሎ «አቤት» ማለት አለበት፤ ሦስቴ ተጠርቶ ካልተሰማ ካርዱ ይመለሳል። እማዬ ሦስቴም አፏን ከፈተች፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። እኔ እጄን አወጣሁ። ስም ጠሪው ከካርዱ ቀና ሳይሉ፣ «ያለ ሰው አቤት ይላል፤ ዝም ካለ የለም ማለት ነው» ብለው ቀጣዩን ጠሩ። አዲሱ ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነው። ቀዩ ጽሑፍ ካርዱን አሳምሮታል፤ እናመሰግናለን።

ጥፋቱ የእኔም ነው። በእሷ ፋንታ መጮኽ ስችል አፈርኩ። ዝም አይነቅዝም እያለች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዝምታዬ ሲነቅዝ ያየሁት ግን በዚያ ጠዋት ነው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ምርመራው በዚህ ሳምንት ይደረግላት።

ያልተሰማን ሁሉ የለም ለሚለው ደንብዎ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
የታካሚዋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዎ በር ላይ እንቀመጣለን። ስም መጥራት አያስፈልግዎትም፤ በሩ ተዘግቶም ቢሆን የሚያፏጨው አተነፋፈሷ ይሰማዎታል። የማይሰማዎት ከሆነ ግን፣ ያን ጊዜ ፈጥነው ይውጡልን።